ከሮም አልመጣም

ያን ቀን ሐይቁ ዳር ካለው ከአሞራ ገደል ገበያ ዓሣ ገዝቼ፣ በጥቁር ፌስታል አንጠልጥዬ፣ ፒያሳ ላይ ከባጃጅ ወረድኩ። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይዋ ልብስ ማድረቅ በጀመረችበት ሰሞን ነው። የደም ግፊት ኪኒኔ አልቆብኝ ወደ ፋርማሲው ልሻገር ስል፣ የሙዚቃ መሣሪያ ከሚሸጥበት ሱቅ ፊት ለፊት እግሬ ቀጥ አለ። ከውስጥ ጊታር ይሰማል። ጊታር በሀዋሳ ብርቅ አይደለም፤ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን እስከ ካፌ አጫዋቾች ያልነካው የለም። ይህኛው ግን ሻካራ ነው። ድምፁ ሲነሳ ጥቂት ያመነታል፣ ዓይነ አፋር ሰው ሊናገር ሲል ጉሮሮውን እንደሚጠርገው፤ ከዚያ ይከፈትና እንደ ንብ መንጋ ይነዝራል። ያንን ማመንታት አውቀዋለሁ። በዓለም ላይ እንደዚያ የሚያመነታ ዕቃ አንድ ብቻ ነው። የሠራሁትም እኔ ነኝ።

ውባለም እባላለሁ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሠላሳውን ዓመት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ዋናውን ከግልባጩ ስለይ፣ ፋይል ስደረድር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባሌ ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ነበር፤ ልጆቼም ወግ ማዕረግ አይተዋል። ጎረቤቶቼ የሚያውቁኝ በዕድር ጸሐፊነቴ ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን፣ ከተማችን ገና «አዋሳ» ስትባል፣ ጋሪ በፒያሳ መሐል ሲያልፍ፣ ሻይ በስሙኒ ሲጠጣ፣ የሬዲዮ ጠጋኙ የአቶ ድንቁ ልጅ ነበርኩ።

የአባቴ ሱቅ አሁን የሞባይል ሱቆች የተደረደሩበት አካባቢ ነበር፤ በሩ አረንጓዴ፣ ጣሪያው ላይ የሽቦ አንቴና የተተከለበት። አባቴ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ሬዲዮ ከፍቶ ሲያዳምጥ እንደ ሐኪም ጆሮውን ያስጠጋ ነበር። ኋላ ላይ ዓይኑ ደከመ። ቀጫጭኑን ሽቦ መበየድ ሲያቅተው፣ መበየጃውን ለእኔ አሳለፈልኝ። ደንበኛው ከፊት ለፊት ከአባቴ ጋር ይነጋገራል፤ እኔ ጓዳ ቁጭ ብዬ እርሳሱን አቀልጣለሁ። የቀለጠ እርሳስ ሽታ ዛሬም ከሽቶ ሁሉ ይበልጥብኛል። ሴት ልጅ ሬዲዮ ትጠግናለች ቢባል ደንበኛ ይሸሻል ብሎ አባቴ ለማንም አልተናገረም። እኔም አልከፋኝም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሥራው ራሱ ደስታዬ ነበር።

ላሚሶ የመጣው በዚያ ጊዜ ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የቡሹሎ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጎፈሬው በበር ሲገባ ጉበኑን የሚነካ። ሱሪው ከጉልበቱ በታች እንደ ደወል የተነፋ፣ ቴትሮን ሸሚዙ አንገትጌው ትከሻው ላይ የሚደርስ። ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል በሚጫወት ባንድ ውስጥ ጊታሪስት ነበር። አንድ አምፕሊፋየር በጋሪ አስጭኖ አመጣና ለአባቴ፣ «አባባ፣ ይሄ ነገር ድምፁን ይሰነጣጥቀዋል፤ ጋሽ ተረፈ፣ ‹ካልተጠገነ ዘፈን የለም› ብለዋል» አለው። ጋሽ ተረፈ የባንዱ መሪ ነበሩ፤ መለከት ነፊ፣ ጢማቸውን በጥንቃቄ የሚከረክሙ ኩሩ ሰው። አባቴ አምፕሊፋየሩን ወደ ጓዳ ገፋልኝ። የጊታሩ ረጅም ሽቦ በመጋረጃው ሥር ገባልኝ፤ እኔ ሰክቼ ስነካካ ላሚሶ ከፊት ሆኖ አንድ ክር መታ። ድምፁ እውነትም ተሰነጠቀ፤ የሚያስፈራም የሚያምርም ነበር። ላሚሶ ደነገጠ። ተነሥቶ አባቴን አልፎ ጓዳ ገባና መጀመሪያ ያየው እኔን ሆነ፣ መበየጃ በእጄ እንደያዝኩ።

«አንቺ ነሽ እንዴ የምትጠግኚው?»

«ዝም በል፤ ደንበኛ ይሰማል» አልኩት።

«እሺ፤ ግን አትጠግኚው። ይሄን ብልሽት ነው የምፈልገው። በሬዲዮ የውጭ አገር ሰዎች ሲጫወቱት እሰማለሁ። ስፈልገው በእግሬ ረግጬ የማመጣው፣ ሳልፈልገው የማባርረው አድርገሽ ልትሠሪልኝ ትችያለሽ?»

ዛሬ ልጆቹ ኦቨርድራይቭ ይሉታል። ጊታሩ የሚልከውን ድምፅ ከአቅሙ በላይ ገፍቶ የሚያሻክር፣ በእግር የሚረገጥ ሣጥን ነው፤ ፔዳል። እኔ ያኔ ስሙንም አላውቅም ነበር። የማውቀው፣ ሬዲዮ ሲታመም ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣ ነው። ጠጋኝ ሆኜ ብልሽት እንድሠራ ስጠየቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው። አምፕሊፋየሩን ጠግኜ መለስኩለት፤ ብልሽቱን ደግሞ ለብቻው ልሠራለት ቃል ገባሁ።

ሁለት ትራንዚስተር ከሞተ ሬዲዮ ነቀልኩ። ድምፅ መቀነሻው ከሌላ ሬዲዮ መጣ። በእግር የሚረገጠውን ነገር ሳስብ፣ በድሮ የጭነት መኪናዎች ወለል ላይ ሾፌሩ በግራ እግሩ እየረገጠ ረጅሙን መብራት ወደ አጭር የሚቀይርበት ቁልፍ ትዝ አለኝ፤ ጋራዥ ያለ ዘመዳችን አንድ ሰጠኝ። ቤቱን ግን ከምን ልሥራው? ቆርቆሮው ሁሉ በእግር ሲረገጥ ይጨማደዳል። በመጨረሻ ያዳነችኝ ቡሹሎ ነርስ የነበረችው አክስቴ ናት። ያኔ መርፌ የብርጭቆ ነበር፤ በብረት ሣጥን ውስጥ እየተቀቀለ ነበር ሰው የሚወጋበት። ክዳኑ የላላ አሮጌ መቀቀያ ነበራትና ሰጠችኝ። ጠንካራ ነው፤ በሬ ቢረግጠው አይበገርም። ሁሉን ከበየድኩ በኋላ አንድ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚለቅ ዕቃ፣ ጎደለኝ። የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ያለው ትልቅ ብቻ። ትልቁን ከተትኩት። ያ ማመንታት የመጣው ከዚያ ነው። ስህተት ነው፤ ግን ላሚሶ ሲሰማው ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ይሄ ሰው ነው» አለኝ። «ይተነፍሳል።» እኔም ከክዳኑ በውስጥ በኩል በመርፌ ጫፍ «ው» ብዬ ጫርኩበት፤ የስሜን መጀመሪያ። ማንም እንዳያየው አድርጌ፣ ግን እንዲኖር።

በዚያ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበረ የእሁድ ዳንስ ከሰዓት ነበር። መግቢያው ሁለት ብር፤ ቢራ አንድ ብር። ሴቶቹ ታኮ ጫማቸውን በዘንቢል ይዘው ይመጡና በር ላይ ይቀይራሉ፤ መንገዱ አቧራ ነዋ። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች ከግራሩ ላይ እንደ ሽማግሌ ጎብጠው ዳንሱን ያዩ ነበር። የመጀመሪያው እሁድ ላሚሶ ሣጥኑን ረገጠ፤ ድምፁ ግን እየተቆራረጠ እንደ ሳል ሆነ። ጋሽ ተረፈ መለከታቸውን አውርደው «ይሄን የሐኪም ቤት ዕቃ ከፊቴ አንሱልኝ!» አሉ። እኔ ከኩሽናው በር ቆሜ ነበርና ሮጥኩ። ሣጥኑን ስነካው ይፋጃል። ትራንዚስተሩ ሙቀት አይወድም፤ ጓዳ ውስጥ ጠዋት ጠዋት የሠራሁት ዕቃ የከሰዓት ፀሐይ ሲያገኘው ታሞ ነው። ከመጠጥ ቤቱ በረዶ ለመንኩ፤ በሳህን አድርጌ ሣጥኑን ላዩ ላይ አስቀመጥኩት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ላሚሶ ደግሞ ረገጠው። ሙቀቱ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀውም፣ በረዶውም ሙሉ በሙሉ አላቀዘቀዘውም፤ በሁለቱ መሐል ሆኖ የወጣው ድምፅ ግን ከጓዳው የተሻለ ነበር፤ ጠቆር ያለ፣ ወፍራም፣ ጠርዙ የተቃጠለ። በትዝታ ቅኝት አንድ ረጅም ዜማ ሲስብበት የሚደንሰው ሁሉ ቆመ። ከዚያ ጭብጨባው ጣሪያ ነካ።

ጋሽ ተረፈ ማይክራፎኑን ያዙ። «ክቡራትና ክቡራን፣» አሉ፣ «ይህ ያደመጣችሁት መሣሪያ ባንዳችን በልዩ ትእዛዝ ከሮም ያስመጣው ነው!»

ሰው አጨበጨበ። ላሚሶ ዞሮ አየኝ። አፉ ሊከፈት ነበር፤ መልሶ ዘጋው። በረዶ የቀለጠበትን ሳህን ይዤ ወደ ኩሽና ተመለስኩ። አላለቀስኩም። ግን ያች «ከሮም» የምትል ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀረች። ከዚያ በኋላ ባንዱ በተጫወተ ቁጥር «የሮማው ጊታር» እየተባለ ሰው ከሻሸመኔ፣ ከይርጋለም ይመጣ ነበር። እኔ በየእሁዱ በረዶ አመጣለሁ። ለሰው የአስተናጋጅ ረዳት እመስለው ነበር።

ዘመኑ ተገለባበጠ። ባንዱ ተበተነ፤ ጋሽ ተረፈ ወደ ዘመዶቻቸው አገር ሄዱ፤ እዚያው አረፉ አሉ። አባቴ ሞተ፤ ሱቁ ተዘጋ። ላሚሶ ጌታን ተቀብሎ ዘማሪ ሆነ ሲባል ሰማሁ። አንዳንዴ በሰርግ በለቅሶ ስንገናኝ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነህ?» እንባባልና እንለያያለን። ሣጥኑን አንሥተን አናውቅም። ሃምሳ ዓመት ያህል እንዲህ አለፈ።

እንግዲህ ያን ቀን በፒያሳ ዓሣዬን ይዤ ወደ ሱቁ ገባሁ። መሬት ላይ ሣጥኔን ፈለግሁ፤ የለም። ባለሱቁ ቆሞ ጊታር ይመታል፤ ጊታሩ በሽቦ ከአንዲት ትንሽ ሣጥን ጋር፣ እሷ ደግሞ ከላፕቶፕ ጋር ተያይዛለች። ከላፕቶፑ ኋላ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ መነጽር ያደረገች ሴት ተቀምጣለች። ፈጽሞ ግራ ገባኝ።

«ልጄ፣ ሣጥኑ የት አለ?» አልኳት።

«የቱ ሣጥን እማማ?»

«ይሄ ድምፅ የሚወጣበት።»

ሳቀች። «ሣጥን የለም። ኮምፒውተሩ ነው። የአባቴን የድሮ ፔዳል በሒሳብ ጽፌው ነው። ውስጡ ያለው እያንዳንዱ ዕቃ ምን እንደሚያደርግ ለክቼ ለኮምፒውተሩ ነገርኩት፤ እሱ ደግሞ እንደዚያ ይሆናል። ከጣሊያን የመጣ ብርቅ ፔዳል ነው፤ እንዲያውም ስሙን ‹ሮማ› ብዬዋለሁ።»

«አባትሽ ማን ይባላል?»

«ላሚሶ። እኔ ምሕረት ላሚሶ እባላለሁ፤ የኤሌክትሮኒክስ ኢንጂነር ነኝ።»

ዓሣውን ወንበር ላይ አስቀመጥኩና ተቀመጥኩ። ድምፄን ግን አላነሣሁም። «ልጄ፣» አልኳት፣ «ከሮም አልመጣም። ሁለት ትራንዚስተር አለው፤ አንዱ ጫፉ ሰማያዊ ቀለም የተነካ። የመሬቱ፣ ግራውንድ የሚሉት፣ ሽቦ ቀይ ነው፤ ጥቁር ሽቦ አልቆብኝ። ከድምፅ መቀነሻው ሥር ቦታው የማይበቃው ትልቅ ካፓሲተር በግድ ተጣሞ ገብቷል። ከክዳኑ ውስጥ ደግሞ ‹ው› የሚል ፊደል ተጭሯል።»

ባለሱቁ ጊታር መምታቱን አቆመ። ምሕረት መነጽሯን አወለቀች። «‹ው›ን የጠጋኝ ምልክት መስሎኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ያንን ካፓሲተር ደግሞ ስህተት ነው ብዬ በኮምፒውተሩ ላይ አስተካክዬው ነበር። ባስተካከልኩት ጊዜ ድምፁ ሞተ። መልሼ አበላሸሁት፤ ነፍስ ዘራ። የሠራው ሰው ምን ያህል ቢያውቅ ነው ብዬ ስገረም ነበር።» ከዚያ ተነሥታ ሁለት እጄን ያዘች። «እርስዎ ማን ነዎት?»

ነገርኳት። ዓሣው እስኪሸት ድረስ ነገርኳት።

ምሕረት በዚያው ሳምንት ወደ ቡሹሎ ወሰደችኝ። ላሚሶ በግቢው በር ቆሞ ነበር የጠበቀን፤ ጎፈሬው የለም፣ ራሱ እንደ እንቁላል ነጥቷል። «ዳኤ ቡሹ» አለኝ፣ እንኳን ደህና መጣሽ ሲል በቋንቋው፤ ከዚያ ግን ዓይኔን ማየት አልቻለም። ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተቀመጥን። ሣጥኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሃምሳ ዓመት ያህል ሳላየው የቆየሁትን ሣጥን ሳየው፣ ያደገ ልጅ ከውጭ የመጣ ያህል ነበር የሆንኩት።

«ልጄ ሁሉንም ነገረችኝ» አለ ላሚሶ። «ውባለም፣ እኔ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። ሰው እውነት እንዲናገር እመክራለሁ። ለገዛ ልጆቼ ግን ‹ከሮም› እያልኩ አሳደግኳቸው። መጀመሪያ ጋሽ ተረፈን ፈርቼ ነው። ኋላ ደግሞ ውሸቱ ለምዶኝ እውነት መሰለኝ።»

«አንድ ቃል ብትናገር ምን ነበር?» አልኩት። «በየእሁዱ በረዶ ሳመላልስ ታየኝ ነበር።»

«አይሽ ነበር» አለ። ሰበብ ባለመደርደሩ ደስ አለኝ።

ምሕረት ነገሩን ለማቅለል ሁለቱን እናወዳድር አለች፤ አንድ ጊዜ በሣጥኑ፣ አንድ ጊዜ በላፕቶፑ። ላሚሶ ተጫወተ። ጣቶቹ አላረጁም። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። ሠላሳ ዓመት ዋናና ግልባጭ የለየሁ ሰው ነኝ፤ ማኅተሙ ትክክል ሆኖ ወረቀቱ የማይመስል ደብዳቤ ስንት ጊዜ ይዣለሁ። የላፕቶፑ ድምፅ ማኅተሙ ትክክል ነው። ማመንታቱ አለ፤ ንዝረቱ አለ። ግን ቀዝቃዛ ነው።

«ይሄ የጠዋቱ ነው» አልኩ።

«የምን ጠዋት?» አለች ምሕረት።

«ሣጥኑን መቼ ለካሽው? የት?»

«ቢሮ ውስጥ። ጠዋት ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት። ቬንትሌተር እየነፋ።»

«በይ እንግዲህ። እኛ የምንጫወተው ከሰዓት ነበር። ፀሐይ ሲበላው ሌላ ሰው ነው የሚሆነው። ይሄ ሣጥን ጠዋት ያመነታል፣ እኩለ ቀን ያስላል፣ በሁለቱ መሐል ደግሞ ያለቅሳል። አንቺ የያዝሽለት አንዱን ጠባይ ብቻ ነው።»

ምሕረት ግንባሯን መታች። ከዚያ «ሙቀቱን ረሳሁት» አለች። «ትራንዚስተሩ የድሮ ዓይነት ነው፤ በሙቀት ይለዋወጣል። መጽሐፍ ላይ አውቀዋለሁ፤ እጄ ላይ ሲመጣ ግን ረሳሁት!» ወዲያው ተነሥታ ቴርሞሜትር ፍለጋ ገባች። እኔና ላሚሶ ተያየን፤ ሳቅን። ከሃምሳ ዓመት ያህል በኋላ የመጀመሪያው ሳቃችን ነበር።

ሦስት ቀን ሙሉ ማንጎው ሥር ነበርን። ሣጥኑን ከጥላ ወደ ፀሐይ፣ ከፀሐይ ወደ ጥላ እናዘዋውራለን። ምሕረት በየጊዜው ሙቀቱን ታነባለች፣ ድምፁን ትቀዳለች፣ ጽፋ ታስተካክላለች፤ እኔ አዳምጣለሁ። «ገና ነው።» «ትንሽ ይጥቆር።» «አሁን በዛ፤ ይሄማ ሳል ነው።» እሷ ቁጥር ታያለች፣ እኔ ድምፅ እሰማለሁ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ እንገናኛለን። ስንለያይ ደግሞ እንጨቃጨቃለን። አንድ ከሰዓት «እትዬ፣ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ጆሮዎ ተሳስቷል» አለችኝ። «ድገሚው» አልኳት። ስትደግመው፣ ከሁለቱ ትራንዚስተሮች የአንዱን ሙቀት ብቻ እንደለካች አየች፤ ሁለተኛው ከክዳኑ ጋር ስለሚጠጋ ይበልጥ ይግላል። ቀና ብላ አየችኝና ሁለተኛውንም ለካች። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩን ከመጻፏ በፊት ትጠይቀኝ ጀመር። በመጨረሻው ቀን በላፕቶፑ ላይ ሌላ መዘውር ጨመረች። በአንድ ጫፍ «ጠዋት»፣ በሌላው «ከሰዓት» ብላ ጻፈችበት። በዓለም ላይ ሰዓት የሚነገረው ፔዳል ይኼ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

የቀረው ቅዳሜ ነበር። ምሕረት ሥራዋን የምታሳይበት የሙዚቀኞች ዝግጅት ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ተሰናድቷል። ግብዣው የወጣው ግን «ሮማ፦ ከጣሊያን የመጣው ብርቅ ድምፅ» ተብሎ ነው። ምሕረት ላጥፋው አለች። ላሚሶ እጁን አነሣ። «ተይው» አለ። «ያንን የማጠፋው እኔ ነኝ።» ይህን ሲል ፊቱ ላይ ፍርሃት አየሁ። በከተማው የሚከበር ሽማግሌ ነው፤ ከሚመጡት ግማሾቹ ያስተማራቸው ዘማሪዎች ናቸው። ያደርገዋል ብዬ እርግጠኛ አልነበርኩም። ያው አንድ ጊዜ አፉ ሲዘጋ አይቼዋለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። የሆቴል አጫዋቾች፣ የቤተ ክርስቲያን ጊታሪስቶች፣ የጥንቱ ባንድ ከበሮ መቺ ሳይቀር በከዘራ መጥቷል። እኔ በልጄ ሰርግ የለበስኩትን ቀሚስ ለብሼ ፊት ተቀመጥኩ። ላሚሶና ምሕረት ከጨርቅ ኋላ ሆኑ። ሕጉ ቀላል ነው፦ ላሚሶ አንድ ዜማ ስድስት ጊዜ ይጫወታል፤ አንዳንዱን በሣጥኑ፣ አንዳንዱን በላፕቶፑ። ሣጥን ነው ያለ ቀኝ እጁን፣ ኮምፒውተር ነው ያለ ግራ እጁን ያወጣል።

የመጀመሪያው ሲሰማ እጆች ግራና ቀኝ ሆኑ፤ ሰው እርስ በርሱ ተያይቶ ሳቀ። ከበሮ መቺው «ይሄማ የኛው ነው!» ብሎ ቀኝ እጁን ከነከዘራው አነሣ፤ ምሕረት ብቅ ብላ «ኮምፒውተር» ስትል አዳራሹ ተናወጠ። እኔ አንደኛውን አወቅሁ፣ ሁለተኛውን አወቅሁ፣ ሦስተኛውን አወቅሁ፣ አራተኛውንም። በአምስተኛው አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ጊታሪስት የራሱን ማዳመጥ ትቶ የእኔን እጅ ማየት ጀመረ። «እንዴት ነው የሚለዩት እማማ?» አለኝ። «በትንፋሹ» አልኩት። አምስተኛውንም አወቅሁ።

ስድስተኛው መጣ። ላሚሶ ያንን ረጅሙን ዜማ በትዝታ ቅኝት ሳበው። ድምፁ አመነታ፣ ተከፈተ፣ ጠቆረ፣ ጠርዙ ተቃጠለ። ግራሩ፣ አቧራው፣ የቀለጠ በረዶ በመዳፌ ላይ፣ ሁሉም መጣ። ቀኝ እጄን ያለ ጥርጥር አወጣሁ። ይሄ የእኔ ነው፤ የገዛ ልጄን አልስትም።

ምሕረት ወጣች። እንባዋ ይወርዳል። «ኮምፒውተር ነው፣ እትዬ ውባለም» አለች።

እንደ ተሳሳትኩ ሳውቅ፣ ዕድሜ ልኬን ልክ ሆኜ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። ዋናውን የሠራሁት ራሴ ሆኜ ግልባጩን ካላወቅሁት፣ ድምፁ ከእንግዲህ አይሞትም ማለት ነው። ትራንዚስተሩ ነገ ቢቃጠል፣ ሣጥኑ ቢጠፋ፣ እኛም ብንሄድ፣ ያ ማመንታት ይኖራል። ብድግ ብዬ ማጨብጨብ ጀመርኩ። ሰውም ተከተለኝ።

ላሚሶ ጨርቁን ገልጦ ወጣ። ሣጥኑን በሁለት እጁ ይዟል። ማይክራፎኑ ጋ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አመነታ።

«ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣» አለ፣ «ግብዣው ላይ ከሮም የመጣ ይላል። ውሸት ነው። እኔም ለሃምሳ ዓመት ያህል ዋሽቻለሁ። ይሄ ሣጥን የተሠራው እዚህ ፒያሳ፣ በአቶ ድንቁ ሱቅ ጓዳ ነው። የሠራችው አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። እኔ ስሟን እንዳልጠራ ያደረገኝ ፍርሃት ነው፤ ለዚህም በእናንተ ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ወይዘሮ ውባለም ድንቁ ትባላለች። ፊታችሁ ተቀምጣለች።»

አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። እልልታው ከኋላ፣ ከሴት ዘማሪዎቹ በኩል ጀመረ። ከበሮ መቺው ከዘራውን ጥሎ «ያቺ በረዶ የምታመጣዋ?!» እያለ በሁለት እጁ ጠረጴዛ ደበደበ። ላሚሶ ወርዶ ሣጥኑን እጄ ላይ አስቀመጠው፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊነካ ሲል ያዝኩትና አቀፍኩት። ሰው መድረክ ላይ አወጣኝ፤ ተናገሪ አሉኝ። የማወራው ጠፋኝና «አቶ ድንቁ አስተምሮኝ ነው» ብቻ አልኩ። የአባቴ ስም በድምፅ ማጉያ ሲያስተጋባ ስሰማ፣ ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ምሕረት ስሙን በዚያው ቅዳሜ ለወጠችው። አሁን ያንን የኮምፒውተር ፔዳል የሚከፍት ሁሉ፣ የትም ይሁን የት፣ መጀመሪያ የሚያየው «ውባለም ድንቁ፣ ሀዋሳ» የሚል ጽሑፍ ነው። የልጅ ልጆቼ በስልካቸው አሳይተውኝ ሳቁ፤ እኔ ግን መነጽሬን አድርጌ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ዝግጅቱ እንዳበቃ ያ አጠገቤ የነበረው ጊታሪስት መጥቶ «እማማ፣ ለእኔስ አንድ ይሠሩልኛል?» አለኝ። ቀጥሎ አንዲት የመዘምራን ጊታሪስት መጣች፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ባለሱቁ። ሰኞ ጠዋት መበየጃ ገዛሁ። በረንዳዬ ላይ ጠረጴዛ አውጥቻለሁ፤ የዕድሩ ሴቶች ሊጠይቁኝ ሲመጡ በጭሱ እያስነጠሱ ይቀመጣሉ። እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ የለመደውን ግን አልረሳም። አሁን የምሠራው ከቀድሞው ጋር አንድ አይደለም፤ ደፋር ነው፣ አያመነታም፣ በሩን በርግዶ የሚገባ ዓይነት። ምሕረት እሱንም ለክታ ኮምፒውተር ውስጥ ለማስገባት ቸኩላለች፤ በየሁለት ቀኑ እየደወለች «እትዬ፣ ደረሰ?» ትለኛለች።

«አልደረሰም» እላታለሁ፣ መበየጃውን ሳላስቀምጥ። «ያንን ኮምፒውተርሽን ወረፋውን ይጠብቅ በዪው።»